የእማሆይ የጉንጭ ናሙና

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ደም፣ ሰገራና አክታ ነው። ሰው ሲያተኩሰው ደሙን፣ ሲያስለው አክታውን ያመጣልኛል፤ ከዚያ ውጭ ማንም አያስታውሰኝም፣ እኔም መታወስ አልፈልግም። በለውጡ ሰሞን፣ ሁሉም ነገር ይቀየራል በተባለበት ጊዜ፣ ስብሰባ ጠርተው ፒሲአር የሚባል ማሽን ይመጣላችኋል አሉን። አጨበጨብን። ክፍል ጠረግን፣ ጠረጴዛ አዘጋጀን፣ ሶኬት አስገጠምን። ማሽኑ አልመጣም። ውሎ ሲያድር የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፣ ማንም አልተቆጣትም።

ቀጥሎ ኮሮና መጣና ደሴ ወስደው አሠለጠኑን። ማሽኑን ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት፤ ከዳቦ መጋገሪያ የማይበልጥ ሣጥን ነው። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። በእያንዳንዷ የሰውነታችን ቅንጣት ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጽሑፍ አለ አለን። ጽሑፉ ሁለት ክር ነው። ማሽኑ ሲያሞቀው ክሮቹ ይለያያሉ። ሲያበርደው፣ የሚፈለገውን ቦታ የሚያውቁ አጫጭር ቁርጥራጮች ሄደው ይለጠፉበታል። መልሶ ሞቅ ሲያደርገው ደግሞ በእያንዳንዱ ክር ትይዩ አዲስ ክር ይሠራል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሲመላለስ፣ ለዓይን የማይሞላው ነገር ተባዝቶ ተባዝቶ ሊነበብ ይበቃል።

ጓደኞቼ ያንቀላፉ ነበር። እኔ ግን አባቴ ቁም ጸሐፊ ስለነበር ነገሩ ቶሎ ገባኝ። አባቴ ዳዊት ሲገለብጥ አጠገቡ እንድናወራ አይፈቅድም ነበር፤ የምታወሩት ቃል ሳላውቀው ብራናዬ ላይ ይገባል ይለናል። አሠልጣኙም ያለን ይኸንኑ ነው፦ «ይህ ማሽን ሆዳም ነው፤ የሰጣችሁትን ሁሉ ይገለብጣል። የራሳችሁ ምራቅ ጠብ ካለበት፣ የታማሚውን ትቶ የእናንተን አባዝቶ ያመጣላችኋል።» ይቺን ቃል በደብተሬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ከዚያ ሐይቅ ተመልሼ የሰው አፍንጫና ጉሮሮ በጥጥ እየጠረግሁ ወደ ደሴ መላክ ሆነ ሥራዬ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም፤ ደክሞኛል። ሸሸን፣ ተመለስን። ስመለስ ላቦራቶሪው ውስጥ የቀረልኝ ያ የባልዲው ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ማይክሮስኮፑ የለም፣ ማቀዝቀዣው የለም፣ የመስኮቱ መስታወት እንኳ የለም። ሰው ግን ማሳሉን አልተወም። እኔም ነጭ ጋወኔን አጥቤ ሥራ ገባሁ። ምን ላድርግ?

መንገዱ ተከፍቶ ሰው ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ከውጫሌ ወደ አምባሰል ሽቅብ በሚያስኬደው መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው የሰው አፅም ገለበጠ። ሲቆፈር የብዙ ሰው አፅም ተደባልቆ ተገኘ። ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጡ፣ አፅሙን እየለዩ ቁጥር ባለው ሣጥን አደረጉት፣ ከእያንዳንዱም አንድ አንድ ጥርስ ወይም ቁራጭ አጥንት ወሰዱ። ወገን የጠፋበት ደግሞ የጉንጩን ውስጥ በጥጥ አስጠርጎ ናሙና ይስጥ ተባለ። ሁለቱን ማሽኑ ያባዛቸዋል፣ ባለሙያዎቹ ያመሳክራሉ፤ ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ስለሚወስድ ወላጅ ከተገኘ ሣጥኑ ባለቤት ያገኛል። የሰውን ጉንጭ የሚጠርገው ማነው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

የዚያን ዕለት ሰልፉ ከጤና ጣቢያው በር ተነሥቶ አስፋልቱ ድረስ ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሉ፤ ልጄ አልሞተም ብለው ሳያዘቀዝቁ የመጡም አሉ። አፍ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ጓንት አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ በአንድ ጓንት ሁለት ሁለት ሰው ማየት ጀመርኩ። እጄን በአልኮል እያበስኩ ነው፣ ግን አሠልጣኛችን ቢያየኝ ራሱን ይይዝ ነበር።

እማሆይ የገቡት ያኔ ነው። አውቃቸዋለሁ፤ ከሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ፣ ባላቸው ቄሱ ሲሞቱ ቆብ የደፉ ሴት ናቸው። ልጃቸውንም አውቀው ነበር፣ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ዘፈን ጆሮ እስኪያደነቁር ከፍቶ ይሄዳል፤ እናቱ ከሩቅ ሲታዩት ፈጥኖ ያጠፋዋል፣ እኛም እንስቅበታለን። ከተማው የሸሸ ቀን አሮጊትና ነፍሰ ጡር እየጫነ ሁለቴ ተመላለሰ። ሦስተኛውን ሄዶ ቀረ። አምባሰል በምን ምክንያት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ከጉድጓዱ ግን አንድ ሰማያዊ ጃኬት ወጥቷል፣ ኪሱ በነጭ ክር የተሰፋ፤ እማሆይ ሲያዩት «ይህን ስፌት እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ሰማያዊ ክር አጥቼ» ብለው አለቀሱ። ጃኬቱ የተገኘው ሣጥን ሰባት ውስጥ ከገባው አፅም ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ግን ልብስ ማስረጃ አይሆንም፣ ሰው ልብስ ይዋዋሳል አሉ።

«እማሆይ፣ የጠፋው ምንዎ ነው?»

«ልጄ።»

«የወለዱት?» ቅጹ ላይ ያለውን ነው የምጠይቀው።

«ልጄ ነው አልኩሽ እኮ፣ እታለም።»

እናት ብዬ ጻፍኩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ጠረግሁ፣ ቱቦው ውስጥ ከተትኩ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው «ከአባቱ አጠገብ ላሳርፈው ነው፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም» አሉኝ። ከኋላቸው ገና ሰው ስለነበር እሺ እማሆይ ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ውጤቱ የመጣው የግሸን ተሳላሚዎች አውቶቡስ እየሞሉ በሚያልፉበት ሳምንት ነው። ወረቀቱ ረጅም ሰንጠረዥ ነው። ብዙዎቹ ሣጥኖች ወገን ተገኝቶላቸዋል። እማሆይ ግን ከአንዱም ጋር አይዛመዱም፣ ከሣጥን ሰባትም። ከግርጌው ደግሞ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ወገን ያልተገኘላቸው በአንድነት በአንድ መቃብር እንዲቀበሩ ተወስኗል ይላል።

ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ኪሱን ማን ሰፋው ታዲያ?»

«እማሆይ፣ ማሽኑ ኪስ አያይም።»

«እኔ አያለሁ» አሉኝ።

እየተናደድኩ ወጣሁ። የተናደድኩት በእሳቸው አልነበረም። ያ ጓንት ነው ትዝ ያለኝ። ከእሳቸው በፊት የገባችውን ሴትዮ በዚያው ጓንት ነው የነካኋት። የዚያች ሴት ምራቅ በጣቴ ተሻግሮ ቢሆንስ? ማሽኑ የእሷን ገልብጦ የእማሆይ ነው ብሎ ቢሆንስ? በእኔ ጣት ምክንያት አንድ ልጅ ስም አልባ ሆኖ ከማያውቃቸው ጋር ሊቀበር ነው። አንድ ባልደረባዬ ምን ሆንሽ ቢለኝ ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት።

አዲስ አበባ ላለችው ባለሙያ ደውዬ ስለ ጓንቱ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ «ድጋሚ ውሰጂና ላኪልኝ» አለችኝ፣ እሷም ድምፅዋ የደከመ ነው። አዲስ ጓንት ከፋርማሲ ገዛሁ። ጭምብል አደረግሁ። እጄን እስከ ክንዴ ታጠብኩ። የእማሆይን ጉንጭ ስጠርግ ትንፋሼን ሁሉ ይዤ ነበር። እሳቸው ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል። አንዴ አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እኔ ግን ጥጡ እንዳይበላሽ ብዬ «አይናገሩ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው፣ ዝም ባላሰኛቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ይሆን እላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ተደወለልኝ። «ናሙናው ንጹሕ ነው፤ የመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር። ሁለቱም የአንድ ሴት ናቸው። የሣጥን ሰባት እናት ግን አይደለችም» አለችኝ። እፎይ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ ባንዲት እናት ኪሳራ እፎይ ማለቴ አስጠላኝ።

ልነግራቸው ስሄድ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ነገርኳቸው። ማሽኑ ዋሽቷል አሉ። አልዋሸም አልኩ። ጃኬቱን ለሌላ ሰው አውሶት እንዳይሆን አልኩ፤ ቁመቱም የእሱ ነው፣ የፊት ጥርሱም የተሸረፈው እንደሱ ነው፣ አይቼዋለሁ አሉ። ደግመው ማሽኑ ዋሽቷል ሲሉኝ ትዕግሥቴ አለቀ። በምሳ ሰዓቴ ከሥራ ነው የመጣሁት፣ እግሬ አብጧል፣ ገና ሌሎች ሁለት እናቶች ቤት መሄድ አለብኝ።

«እማሆይ» አልኩ፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ፣ «ይህ ማሽን ያሳደገ ማን እንደሆነ አያውቅም! ማን እንዳለበሰ፣ ማን እንዳጎረሰ አያውቅም! የወለደችውን ብቻ ነው የሚያውቀው!»

እንዲሁ ስለ ማሽኑ ላስረዳ ብዬ የተናገርኩት ነው እንጂ ምንም የጠረጠርኩት አልነበረም። እማሆይ ግን ዳዊቱን ዘጉት። «በይ ሂጂ፣ መሽቶብሻል» አሉኝ፤ ፀሐይዋ ግን ገና አናት ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን ላቦራቶሪው በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው አገኘሁ። አንደኛዋ እማሆይ ናቸው። ሌላዋ የአምባሰል ገበሬ ሴት ናት፣ ከእማሆይ ትንሽ ታንሳለች፤ እግሯ አቧራ ለብሷል፣ ከውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ብዙ በእግሯ እንደመጣች ያስታውቃል። እማሆይ እጇን ይዘው አስገቧት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጧት።

«ከእሷም ውሰጂ» አሉኝ።

ምክንያቱን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ሴትዮዋ ቀና ስትል ገባኝ። አገጯን አየሁት። ያንን አገጭ በባጃጅ መስታወት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

በእኛ አገር መካን የሆነች ሴት፣ ልጅ ከበዛባት ሌላ ሴት ላይ የጡት ልጅ ትወስዳለች። ጡቷን ማር ቀብታ ታጠባዋለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቄስ ይገዝታል። ከዚያች ቀን ወዲያ አልወለድኩትም ያለች አሳዳጊ፣ ልጄ ነው ያለች ወላጅም፣ ለሰው የተናገረም ውጉዝ ነው። ልጁ ግማሽ ልጅ እንዳይሆን ነው። ኋላ እንደሰማሁት ይህንን ግዝት የገዘቱት ራሳቸው የእማሆይ ባል ናቸው፣ ልጁን ታቅፈው። ያሰሩት እሳቸው፣ አሁን ደግሞ የሉም። እማሆይ ለንስሐ አባታቸው ፍቱኝ እንዳይሉ፣ ፍቱኝ ለማለት መጀመሪያ ነገሩን መናገር ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ሳይናገሩ አመጧት።

ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት እጇን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ጠርጌ ጨረስኩ። ቅጹ ላይ ዝምድና የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

እማሆይ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና «የእማሆይ እንግዳ ናት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጃኬቱ የተገኘ ሰሞን እማሆይ ለቅሶ ሲቀመጡ እዚያ እንደነበረች ያኔ ትዝ አለኝ። ከሩቅ የመጡት ጋር በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ለለቅሶተኛው ውኃ ስታቀብል ነበር። የወየበ ነጠላ ለብሳ እንደ ማንኛዋም እንግዳ ዓይኗን ስታብስ አይቻታለሁ። በራሷ ልጅ ለቅሶ ላይ ውኃ ስታቀብል!

ቦታውን ባዶ ትቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ለሣጥን ሰባት አንድ ናሙና እልክልሻለሁ፤ ምን ትሆናለች አትበዪኝ፣ ማሽኑ ይበለው» አልኳት። ባለሙያዋ እሺ አለች።

መልሱ የመጣው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። ይዛመዳል። እናት።

አፅሙ የተሰጠው ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሣጥኑ ትንሽ ነው፤ የዚያን የሚያህል ጎረምሳ ሣጥን አይመስልም። የተቆፈረው ጉድጓድ ከቄሱ መቃብር አጠገብ ነው። የሠፈሩ ሰው፣ የባጃጅ ነጂዎቹ፣ የእማሆይ የንስሐ አባት፣ ሁሉም አለ። ሴትዮዋም ከአምባሰል መጥታለች፣ እንደ ለቅሶው ቀን ከሰው ኋላ ቆማለች። ከወረዳው የመጣው ሠራተኛ ወጣት ነው፤ የያዘው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ከማንበብ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ቀድሜ ይዤ ላናግረው ነበር፣ ግን አረፈድኩ፤ ስደርስ ጀምሮ ነበር።

«የሟች ወላጅ እናት ይቅረቡና ይፈርሙ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እማሆይ ዞረ፣ መንገድም ለቀቀላቸው። እማሆይ አልተንቀሳቀሱም። ወጣቱ ወረቀቱን ደግሞ አየና የሴትዮዋን ስም ጠራ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «እኔ አይደለሁም፤ እኔ እንግዳ ነኝ፤ የእሳቸው ነው» አለች፣ ወደ እማሆይ እየጠቆመች። ወጣቱ ግራ ገባው። ሳይፈረም አልሰጥም አለ። ከኋላዬ ሹክሹክታ ተነሣ።

ያኔ እማሆይ በሰው መሐል አልፈው ሄዱና የሴትዮዋን እጅ ያዙ። ጎትተው ሣጥኑ ድረስ አመጧት። ድምፃቸው ቅዳሴ እንደሚያዜም ሰው የጠራ ነበር።

«እኔ አልወለድኩትም። የወለደችው እሷ ናት።»

እማሆይ ወደ ንስሐ አባታቸው ዞረው አንገታቸውን ደፉና «ይፍቱኝ፣ አባ» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ በመጨረሻ። «እሷንም ይፍቷት» አሉ እማሆይ። «እሷንም ይፍታት» አሉ ቄሱ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሣጥኑን በሁለት እጇ ነካችው። ከዚያ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ሰውን ማስለቀስ የለመድኩ ሴት ነኝ፤ ስንቱን ውጤት አንብቤ ስንቱን አስለቅሻለሁ። እንዲህ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ሌላ ጊዜም መስማት አልፈልግም። ባጃጅ ነጂዎቹ ፊታቸውን በጃኬታቸው ሸፈኑ። ሴቶቹ ከበቧት፣ ደረቷን እንዳትደልቅ እጇን ያዙ። ሲበርድላት ጣቷን ቀለም ነክሬ አስፈረምኳት።

እማሆይ ወረቀቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ዳዊታቸው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት። ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩት።

«የእኔ ስም የትኛው ጋ ነው?» አሉኝ።

ወረቀቱን አብሬያቸው አየሁት፣ የማላውቀው ይመስል።

«የለም፣ እማሆይ።»

«የለም?»

«የለም።»

አጥፈው መለሱልኝ። «ይሁን» አሉ። «አፈሩን ግን እኔ ነኝ የማለብሰው።» ወንዶቹ ሣጥኑን ሲያወርዱ ከጉድጓዱ አፋፍ ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው አፈር መዛቅ ጀመሩ።